የግብፅ ፒራሚዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፒራሚድ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ከታች “ዓ.ዓ.” የሚለው ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለት ነው፤ ሌሎቹ ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጥንቱ ዘመን ዓመቶች ሁሉ “ገደማ” ተብለው ይነበቡ፤ በዚያ ዘመን አቆጣጠር ላይ የጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ወዲያ አለ።

ፒራሚድ የተሠራው ለምንድን ነው?

ለንጉሥ መቃብር ነው። ነገር ግን ዛሬ ቆመን የምናየው የድንጋይ ተራራ የአንድ ሰፊ ግቢ ቁራጭ ብቻ ነው። ናይል ወንዝ ዳር፣ ጀልባ በሚቆምበት ቦታ፣ አንድ ቤተ መቅደስ ይሠራል። ከዚያ ሽቅብ የሚወጣ ግራና ቀኙ በግድግዳ የታጠረ የድንጋይ መንገድ አለ፤ መንገዱ ከፒራሚዱ ምሥራቃዊ ጎን ከተጠጋ ሁለተኛ ቤተ መቅደስ ያደርሳል። እዚያ ካህናት ለሞተው ንጉሥ በየዕለቱ ዳቦና ቢራ ያቀርቡ ነበር። ዙሪያውን የንግሥቶች ትንንሽ ፒራሚዶች፣ የመኳንንት መቃብሮችና ጀልባ የተቀበረባቸው ጉድጓዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 ካይሮ አጠገብ ጊዛ ላይ ከንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ (ታላቁ ፒራሚድ ከሚባለው) ጎን የተገኘው የዝግባ ጀልባ በ1,224 ቁርጥራጮች ተፈታትቶ የተቀመጠ ነበር፤ ሲገጣጠም ርዝመቱ ከ43 ሜትር በላይ ሆነ። ከ2021 ጀምሮ ጊዛ አጠገብ ባለው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

የግብፅ ነገሥታት ፒራሚዶች ሁሉም ለማለት ይቻላል ከወንዙ በስተምዕራብ ናቸው። ፀሐይ የምትጠልቀው፣ ሙታንም የሚሄዱት ወደዚያ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው።

የንጉሥ አስከሬን ካልተገኘ መቃብር መሆኑ በምን ታወቀ?

ኩፉ ፒራሚድ ውስጥ ያለውን የግራናይት የሬሳ ሣጥን እንውሰድ። ሣጥኑ ወደ ላይ ከሚያወጣው ጠባብ መተላለፊያ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ በመተላለፊያው ሊገባ አይችልም፤ የክፍሉ ጣሪያ ከመገጠሙ በፊት እዚያው ተቀምጦ ሥራው በላዩ ቀጥሏል ማለት ነው። መተላለፊያውን ለመዝጋት ከላይ የተለቀቁት ሦስት የግራናይት ውታፎችም ዛሬ ድረስ እንደተሸነቀሩ አሉ። በኋላ በ2350 ዓ.ዓ. ገደማ የተሠራው የንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ደግሞ የውስጥ ግድግዳው ንጉሡን ወደ ሰማይ በሚሸኙ ጸሎቶች የተሞላ ነው። አስከሬኖቹ የጠፉት ሌቦች በጥንት ዘመን ስለቀደሙ ነው። የጊዛው ሦስተኛ ፒራሚድ ባለቤት የንጉሥ መንካውሬ ሣጥን ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው፤ በ1838 ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ከጫነው መርከብ ጋር ሰጠመ።

ስንት ፒራሚድ አለ? የመጀመሪያውስ የቱ ነው?

በግብፅ ከ100 በላይ ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ ፈርሰው ጉብታ መስለዋል። የመጀመሪያው በሳቃራ የሚገኘው የንጉሥ ጆሰር ባለ ደረጃ ፒራሚድ ነው፤ የተሠራው በ2650 ዓ.ዓ. አካባቢ ሲሆን፣ የሥራው መሪ ተብሎ የሚታወቀው ኢምሆቴፕ ነው። ከዚያ በፊት የነገሥታት መቃብር ከጭቃ ጡብ የተሠራ ዝቅ ያለ አራት ማዕዘን ነበር። የጆሰርም ሥራ እንዲሁ ዝቅ ብሎ ነው የጀመረው። ጎኑ እየሰፋ ሄዶ በላዩ አራት ደረጃ ወጣ፤ እንደገና ሰፍቶ ስድስት ደረጃ ሆነና ወደ 60 ሜትር ደረሰ። ፍርስራሹ በተገለጠበት በኩል የቆመ ሰው የእያንዳንዱን ማስፋፊያ ድንበር በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ድንጋዮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሠራተኞቹ በጡብ የለመዱትን እጅ ገና ወደ ድንጋይ እያሸጋገሩ ነበር።

ከደረጃ ወደ ለስላሳ ጎን የተሸጋገሩት እንዴት ነው?

በስሕተት፣ በእርማትና በአንድ ንጉሥ ዘመን። ፒራሚድን መረዳት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ ወደ ጊዛ ሳይሆን ወደ ኩፉ አባት ወደ ስኔፈሩ ሥራዎች ቢያዞር ይሻላል። እሱ ብቻውን ሦስት ትልልቅ ፒራሚዶች አሠርቷል፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ሙያው እንዴት እንደተማረ ይነግራሉ።

የመጀመሪያው ሜይዱም ላይ ነው። በደረጃ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ደረጃዎቹን ሞልቶ ጎኑን ለማለስለስ ተሞከረ። ችግሩ ሁለት ነበር። አዲሱ ልባስ የተነባበረበት የቀድሞው የደረጃ ፊት ተጠርቦ የለሰለሰ ስለነበር አዲሱ ድንጋይ የሚነክሰው ነገር አላገኘም። የውጪው ጠርዝ ደግሞ ጽኑ ዐለት ላይ ሳይሆን አሸዋ ላይ አረፈ። ልባሱ ወርዶ ዛሬ በፍርስራሽ ክምር መካከል የቆመ ማማ መስሎ ቀርቷል።

ሁለተኛው ዳሹር ላይ ያለው የጎበጠው ፒራሚድ ነው። የታችኛው ክፍል 54 ዲግሪ ገደማ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቁመቱ ግማሽ ሊደርስ ሲል በድንገት ወደ 43 ዲግሪ ይተኛል። ምክንያቱ መሬቱ ነው። ከሥሩ ያለው ጠጠርና ሸክላማ አፈር ክብደቱን መሸከም አቅቶት ሰጠመ፤ ውስጥ ያሉት ክፍሎችም ተሰነጠቁ። ሠራተኞቹ ስንጥቁን በምርግ ደፈኑት፣ በአንዱ ክፍል ውስጥ የዝግባ ግንዶችን አጋድመው ግድግዳዎቹን ደገፉ፣ ከላይ የሚጨመረውን ክብደት ለመቀነስም ጎኑን አጎበጡት። ሌላም የተማሩት ነገር አለ፤ በታችኛው ክፍል ድንጋዮቹ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ ተደርገው ሲነባበሩ፣ በላይኛው ክፍል ግን በውሃ ልክ ተነጥፈዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ ፒራሚዶች ሁሉ ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ያዙ።

ሦስተኛው ቀዩ ፒራሚድ ነው። ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ 43 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ተነሣ፤ የጎኑ ርዝመት 220 ሜትር፣ ቁመቱ 105 ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው የተሳካ ለስላሳ ጎን ያለው ትልቅ ፒራሚድ ይህ ነው። የኩፉ ሠራተኞች ጊዛ ላይ ሥራ ሲጀምሩ ይህ ሁሉ ትምህርት በእጃቸው ነበር። ቦታውንም ሲመርጡ ጽኑ ዐለት ፈልገው ነው።

የጊዛዎቹ ልካቸው ስንት ነው?

ጊዛ ላይ የሦስት ነገሥታት፣ የኩፉ፣ የካፍሬና የመንካውሬ፣ ትልልቅ ፒራሚዶች አሉ። የኩፉ ጎን 230.3 ሜትር፣ የመጀመሪያ ቁመቱ 146.6 ሜትር ነው፤ ጫፉ ስለረገፈ ዛሬ 138.5 ሜትር ገደማ ቀርቷል። የካፍሬ ጎን 215 ሜትር፣ ቁመቱ 143.5 ሜትር ነበር፤ ከፍ ያለ መሬት ላይ ስለቆመ ከኩፉ የሚበልጥ ይመስላል። የመንካውሬ ከሁለቱ በጣም ያንሳል፣ ቁመቱ 65 ሜትር ነው፤ ግን የታችኞቹ 16 ረድፎች ልባስ ከአስዋን የመጣ ግራናይት ነው።

እነዚህን ልኮች በምን ለኩ? ፓይ (π) የተባለውን ቁጥር ያውቁ ነበር?

መለኪያቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ክንድ፣ ጋትና ጣት ነው። የንጉሡ ክንድ 52.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በ7 ጋት ይከፈላል፤ አንዱ ጋት 4 ጣት ነው፣ ስለዚህ ክንዱ 28 ጣት ይሆናል። የኩፉ ፒራሚድ በሜትር ሲነገር ቁጥሩ ይንዛዛል፤ በክንድ ሲነገር ግን ጎኑ 440፣ ቁመቱ 280 ነው። ንጉሡ የተቀበረበት ክፍልም 20 በ10 ክንድ ነው።

የጎን መዳፋቱን በዲግሪ አልለኩም። “አንድ ክንድ ሽቅብ ስወጣ ስንት ጋት ወደ ውስጥ እገባለሁ?” ብለው ነው የጠየቁት፤ ይህን ልክ ሰቀድ ይሉታል። ለኩፉ መልሱ 5 ጋት ከ2 ጣት ነው። ጠራቢው ይህን ልክ የያዘ የእንጨት ስኳድራ ካለው እያንዳንዱን የልባስ ድንጋይ ሳይሳሳት ይጠርበዋል። በ1550 ዓ.ዓ. ገደማ የተጻፈው ራይንድ ፓፒረስ የተባለው የሒሳብ ጽሑፍ ይህንኑ ስሌት ያስተምራል፦ ጎኑ 360፣ ቁመቱ 250 ክንድ የሆነ ፒራሚድ ሰቀዱ ስንት ነው? የጎኑን ግማሽ 180ን ለ250 አካፍሎ በ7 ማባዛት ነው፤ 5 ጋት ከ1/25 ይመጣል።

አሁን ወደ ፓይ እንመለስ። የኩፉ ዙሪያ 1,760 ክንድ ነው፤ ለ280 ሲካፈል 6.286 ይሆናል፣ የፓይ እጥፍ ደግሞ 6.283 ነው። ይህ መቀራረብ ብዙ መላምት ወልዷል። ነገር ግን 5 ጋት ከ2 ጣትን የመረጠ ሰው ሁሉ ሳያስበው እዚያው ቁጥር ላይ ይወድቃል፤ ክንዱ በ7 ስለሚከፈል 22/7 ከስሌቱ ውስጥ በራሱ ይወጣል። የካፍሬ ፒራሚድ ሰቀድ 5 ጋት ከ1 ጣት ነው፤ በእሱ ላይ ፓይ የለም፣ የ3፣ 4፣ 5 ሦስት ማዕዘን ነው ያለው።

ስሕተት ምን ያመጣ ነበር ለሚለው ይህን ማሰብ ይበቃል፦ በኩፉ መጠን አንዱ ጎን በ1 ዲግሪ ብቻ ቀጥ ቢል ጫፉ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ 4 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አራቱ ጎኖች አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። ስለዚህ በየረድፉ እንደገና መለካት ግዴታ ነበር።

መሠረቱን እንዴት ይህን ያህል አስተካከሉት?

የኩፉ መሠረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍና ዝቅ የሚለው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዙሪያውን ዐለቱ ላይ በረድፍ የተቆፈሩ የካስማ ጉድጓዶች አሉ፤ ካስማ ተተክሎ፣ ሲባጎ ተወጥሮ፣ ከሲባጎው ወደ ታች እየለኩ ነው ያስተካከሉት። ውሃ ልካቸው ሁለት እኩል እግር ያለው የእንጨት ማዕዘን ሲሆን መካከሉ ላይ ቱምቢ ተንጠልጥሎበታል፤ ክሩ ከመካከለኛው ምልክት ላይ ካረፈ መሬቱ ልክ ነው። ግንበኛ ሁሉ ያየው ዕቃ ነው። መካከሉን ግን አላስተካከሉትም፤ የተፈጥሮው ዐለት ጉብታ እንዳለ ተትቶ በድንጋይ ተከቧል። ይህም ብዙ ሺህ ድንጋይ አትርፎላቸዋል።

አቅጣጫውን የያዙት በሰማይ ነው። የኩፉ ጎኖች ከትክክለኛው ሰሜን የሚዛነፉት ከአንድ ዲግሪ 1/15 ባነሰ ነው። ይህን የሚያህል ልክ በኮከብም ሆነ በፀሐይ ጥላ ይገኛል፤ ሁለቱም መንገዶች በዘመናችን ተሞክረው ሠርተዋል።

ድንጋዩ ከየት መጣ? በምንስ ተቆረጠ?

አብዛኛው ከዚያው ከጊዛ ነው። የኩፉ የድንጋይ ካባ ከፒራሚዱ በስተደቡብ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ይርቃል፤ የተቆረጠበት ቦይ እስከ ዛሬ ይታያል። ነጩና ጥሩው የልባስ ድንጋይ ከወንዙ ማዶ ከቱራ መጣ። ግራናይቱ ደግሞ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከአስዋን በጀልባ ወረደ።

የኖራ ድንጋይ ገና ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ በመዳብ መሮና በእንጨት መዶሻ ይቆረጣል። መሮው ግን ቶሎ ይደንዛል፤ ስለዚህ ካባው አጠገብ መሮ እያሞቀ የሚስል ባለሙያ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ግራናይትን መዳብ አይቆርጠውም። እሱን ዶለራይት በተባለ ጠንካራ ክብ ድንጋይ እየቀጠቀጡ አፈርፍረው ነው የሚያወጡት። መጋዝ ሲያስፈልግ ጥርስ የሌለው የመዳብ ምላጭ ላይ አሸዋ ይጨመራል፤ የሚቆርጠው አሸዋው ነው፣ መዳቡ የሚያመላልሰው ብቻ ነው። በኩፉ የግራናይት ሣጥን ላይ የመጋዙ ጭረቶች አሁንም ይታያሉ። መጋዙ መስመር ስቶ ሠራተኛው ወደ ኋላ ስቦ እንደገና የጀመረበት ቦታ ሁሉ አለ።

2.3 ሚሊዮን ድንጋይ በ20 ዓመት ይቻላል?

ለኩፉ ፒራሚድ የሚጠቀሰው ግምት ይህ ነው፤ ሒሳቡን እንሥራው። በዓመት 115,000፣ በቀን 315 ይመጣል። በቀን 10 ሰዓት ከተሠራ በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ቦታው ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ በአንድ መስመር የማይቻል ይመስላል፤ ግን በአንድ መስመር አልተሠራም። ብዙ ቡድኖች በብዙ አቅጣጫ እኩል ይሠሩ ነበር። ሌላው የሚረሳው ነገር የቅርጹ ጠባይ ነው፤ ከጠቅላላው ድንጋይ 70 በመቶው የሚገኘው በታችኛው የቁመት ሲሶ ውስጥ ነው። ሥራው ከባድ የሚሆነው ከፍታ ላይ ነው፣ እዚያ ግን የሚፈለገው ድንጋይ ጥቂት ነው። መጠኑም ያንሳል፤ የመጀመሪያው ረድፍ 1.5 ሜትር ሲወፍር ወደ ላይኛው ጫፍ ያሉት ግማሽ ሜትር ገደማ ናቸው።

ሁሉም ድንጋይ እንደ ሣጥን የተጠረበ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። የውስጡ ድንጋይ ሸካራ ነው፤ ክፍተቱ በፍርካሽና በጂፕሰም ምርግ ተሞልቷል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው አገጣጠም የውጪው ልባስ ነው።

እንዴት ጎተቱት?

መንኮራኩር እንዲህ ባለ ክብደት ሥር አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። የተጠቀሙት ከሥሩ ሁለት ግንድ ያለው የእንጨት ተንሸራታች ነው። ጀሁቲሆቴፕ በተባለ የአውራጃ ገዥ መቃብር ላይ ያለው ሥዕል፣ በ1900 ዓ.ዓ. ገደማ የተሣለው፣ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ 172 ሰዎች በአራት ረድፍ ገመድ ይዘው 58 ቶን ይሆናል ተብሎ የሚገመት ሐውልት ይጎትታሉ፤ አንዱ ሐውልቱ ጉልበት ላይ ቆሞ እያጨበጨበ ምቱን ይመታል፣ ሌላው ከተንሸራታቹ ፊት ውሃ ያፈሳል። ውሃው የአምልኮ ሥርዓት ብቻ መስሎ ነበር። በ2014 የታተመ የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ሙከራ ግን በልኩ የረጠበ አሸዋ የመጎተቻውን ጉልበት በግማሽ እንደሚቀንስ አሳየ። አሸዋው ደረቅ ከሆነ ከፊት እየተከመረ መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው ከበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይጠፋል።

በሥዕሉ ስሌት አንድ ሰው 340 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። ስለዚህ አማካዩን 2.5 ቶን ድንጋይ ሜዳ ላይ 8 ሰው ይጎትተዋል፤ ዳገት ላይ እጥፍና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ወደ ላይስ እንዴት አወጡት?

በአፈር፣ በፍርካሽና በጂፕሰም በተሠራ ዳገት። የዳገቶቹ ቅሪት በብዙ ፒራሚዶች አጠገብ ተገኝቷል። ክርክሩ ስለ ቅርጻቸው ነው። አንድ ቀጥ ያለ ዳገት እስከ ጫፉ ድረስ ቢሠራ፣ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር እየወጣ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ መርዘም አለበት፤ የራሱ ግንባታ ከፒራሚዱ ሥራ ጋር ይፎካከራል። ጎኑን እየተጠመጠመ የሚወጣ ዳገት አፈር ይቆጥባል፣ ግን ማዕዘኖቹን ስለሚሸፍን ልክ መያዝ ያስቸግራል፣ ጥግ ላይም ረጅም ገመድ የያዘ ቡድን መታጠፍ ይቸገራል። ስለዚህ ለታችኛው ክፍል ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ዳገቶች፣ ለላይኛው ጠባቦች፣ ለጫፉ ደግሞ መፈንቀያ እንጨት ብሎ ማሰብ ከሁሉ የሚያሳምን ነው። በ2018 በሐትኑብ ካባ የተገኘው የኩፉ ዘመን ዳገት በጣም ቀጥ ያለ ሲሆን ግራና ቀኙ ደረጃና የግንድ ጉድጓዶች አሉት። ገመዱን በግንዱ ላይ አዙሮ ከታችም ከላይም መሳብ ይቻል ነበር ማለት ነው።

በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ አለ?

አለ፤ ከሁሉም ግኝቶች ይህ ልብ የሚነካ ነው። በ2013 የፈረንሳዊው ፒየር ታሌ ቡድን በቀይ ባሕር ዳር በዋዲ ኤል ጃርፍ ፓፒረሶች (ከደንገል የተሠሩ የጥንት ወረቀቶች) አገኘ። እስከ ዛሬ ከተገኙት የተጻፈባቸው ፓፒረሶች ሁሉ የሚቀድሙ ናቸው። ከመካከላቸው መረር የተባለ አለቃ የያዘው የሥራ መዝገብ ይገኛል። መረር 40 ያህል ሰው ይመራል። በየቀኑ የት እንደዋሉ፣ የት እንዳደሩ ይጽፋል፦ ቱራ ላይ ድንጋይ ጭነው ይነሣሉ፣ የኩፉ ኩሬ በተባለው ቦታ ያድራሉ፣ በማግሥቱ አክሄት ኩፉ ይደርሳሉ። አክሄት ኩፉ “የኩፉ አድማስ” ማለት ነው፤ የታላቁ ፒራሚድ ስም ይህ ነበር። በ10 ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። የበላይ ኃላፊው የንጉሡ ግማሽ ወንድም አንክሃፍ መሆኑም ተጽፏል። ጊዜው በኩፉ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ የጫኑት የልባሱን ነጭ ድንጋይ ነበር።

ባሪያዎች ናቸው የሠሩት? እስራኤላውያን ናቸው የሚባለውስ?

ባሪያዎች አልነበሩም። በ1990 ከጊዛ ደቡብ የሠራተኞች መቃብር ተገኘ፤ ግብፃዊው ዛሂ ሐዋስ ቁፋሮውን መራ። ሰዎቹ የተቀበሩት በንጉሡ ፒራሚድ ጥላ ሥር፣ ለወዲያኛው ዓለም የሚሆን ዳቦና ቢራ ተቀምጦላቸው ነው። አጥንታቸው ወገብና ጉልበታቸው እንደተጎዳ ይናገራል፤ የተሰበረ እጅ በወግ ታስሮ የዳነም አለ። አሜሪካዊው ማርክ ሌነር ሲቆፍረው በኖረው የሠራተኞች ከተማ ደግሞ የዳቦ መጋገሪያ፣ የመኝታ አዳራሽና የከብት፣ የበግ፣ የፍየል አጥንት በብዛት ወጥቷል። ቡድኖቹ ስም ነበራቸው፤ “የኩፉ ወዳጆች” እና “የመንካውሬ ሰካራሞች” የሚሉት በቀይ ቀለም ድንጋዩ ላይ ተጽፈው ተገኝተዋል።

ባሪያ አልነበሩም ሲባል ግን ሁሉም ወዶ የመጣ ደቦ ነበር ማለት አይደለም። ቋሚ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከየአገሩ ተመልምሎ ለወራት የሚሠራውና በሌላ የሚተካው ደግሞ ለመንግሥት የጉልበት ግብር የሚከፍል ገበሬ ነው። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ 100,000 ሰው ይላል፤ እሱ ግን የጻፈው ከ2,000 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የሚሰጠው ግምት 20,000 እስከ 30,000 ነው።

እስራኤላውያንን በተመለከተ፣ ኦሪት ዘፀአት የሚናገረው ስለ ጡብና ስለ ፊቶምና ራምሴ ከተሞች ነው፤ ፒራሚድ አይጠቅስም። ራምሴ የሚል ስም ያላቸው ፈርዖኖች ከኩፉ በኋላ ከ1,200 ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ናቸው። የዮሴፍ ጎተራዎች ናቸው የሚለው ደግሞ በመካከለኛው ዘመን የተስፋፋ ሐሳብ ነው፤ ውስጣቸው ከጥቂት ክፍሎች በቀር ድፍን ስለሆነ እህል ማስቀመጫ ሊሆኑ አይችሉም።

ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሠሩት የሚባለው?

ማስረጃ የለውም። ካባው፣ መሮው፣ ዳገቱ፣ ዳቦ መጋገሪያው፣ የአለቃው መዝገብ፣ የተበላሸው ሙከራ ሁሉ በእጃችን አለ። አፍሪካውያን በክንዳቸው የሠሩትንና በእጃቸው የመዘገቡትን ሥራ ወስዶ ለማይታወቅ ፍጡር መስጠት በደል ነው።

ኩፉ ፒራሚድ ውስጥ ምን አለ?

ሦስት ክፍሎች፦ አንዱ ከመሬት በታች 30 ሜትር ገደማ ዐለት ውስጥ ሳያልቅ የቀረ፣ ሁለተኛው በተለምዶ የንግሥት ክፍል የሚባለው፣ ሦስተኛው የንጉሡ ክፍል። ወደ ንጉሡ ክፍል የሚያወጣው ታላቁ መተላለፊያ 47 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ 8.6 ሜትር ከፍ ያለው ግድግዳው በየረድፉ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይወጣል።

የንጉሡ ክፍል ጣሪያ ከ25 ቶን በላይ በሚመዝኑ የግራናይት አግዳሚዎች የተሸፈነ ነው። ከእሱ በላይ አምስት ዝቅተኛ ክፍት ቦታዎች ተደራርበዋል፤ የመጨረሻው እንደ ቤት ክዳን ግራና ቀኝ የተዳፋ ነው። አግዳሚዎቹ ከደቡቡ ግድግዳ በኩል ተሰንጥቀዋል። ሥራው ገና ሳያልቅ የሆነ ሳይሆን አይቀርም፤ ስንጥቁ ላይ የጥንት ምርግ ተቀብቶበታል። በ2017 ከጠፈር የሚመጣውን ኮስሚክ ጨረር በሚያነብ መሣሪያ ከታላቁ መተላለፊያ በላይ ቢያንስ 30 ሜትር የሚረዝም ባዶ ቦታ ታየ። በ2023 ደግሞ ከሰሜኑ መግቢያ በላይ 9 ሜትር የሚረዝም ኮሪደር በቀጭን ካሜራ ተቀርጿል።

ነጩ ልባስ የት ገባ?

ካይሮ ገባ። በ1303 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን አናጋው፤ ከዚያ እየተነቀለ መስጊድና ግንብ ተሠራበት። በካፍሬ ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የቀረው የእሱ ቅሪት ነው። በመንካውሬ ሰሜናዊ ጎን ላይ ያለው ትልቅ ቁስል ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ በ1196 የሱልጣን ሳላሐዲን ልጅ ፒራሚዱን ለማፍረስ አስጀምሮ ሠራተኞቹ ስምንት ወር ለፍተው ተዉት።

ዕድሜው በካርቦን ሲለካ ለምን ያረጀ ይመስላል?

ምርጉ ሲቃጠል የገባበት ፍም ተወስዶ ተለክቷል። በ1995 የተወሰደው ናሙና ከታሪኩ አቆጣጠር 100 እስከ 200 ዓመት ይቀድማል። ካርቦን የሚለካው ዛፉ የሞተበትን ጊዜ እንጂ የነደደበትን ጊዜ አይደለም። ማገዶ ብርቅ በሆነበት አገር የቆየ እንጨት፣ የፈረሰ ቤት ጣውላ ሁሉ ይነድዳል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ፒራሚድ መሥራት ለምን ተቋረጠ?

ከጊዛ በኋላ መጠኑ ቀነሰ፣ ዙሪያው ያለው ቤተ መቅደስና ጽሑፍ ግን በዛ። በኋላ መካከለኛው መንግሥት በተባለው የግብፅ ታሪክ ዘመን ብዙዎቹ ነገሥታት ውስጡን በጭቃ ጡብ ሠርተው ውጪውን ብቻ ድንጋይ አለበሱት፤ ልባሱ ሲዘረፍ ጡቡ በነፋስና በዝናብ ሟሟ። ዳሹር ያለው የሦስተኛው አመነምሐት ጥቁር ፒራሚድ ወንዙ አጠገብ ዝቅ ያለ መሬት ላይ ስለተሠራ የከርሰ ምድር ውሃ ገባበት፣ ክፍሎቹም ተሰነጠቁ። በ1525 ዓ.ዓ. ገደማ አህሞስ አቢዶስ ላይ ካሠራው በኋላ የግብፅ ነገሥታት ፒራሚድ ትተው ሸለቆ ውስጥ ዐለት ፈልፍለው መቀበር ያዙ። ከሩቅ የሚታይ መቃብር ሌባ ይጠራልና።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ውሃው ነው። ድንጋይ የጫነ ጀልባ ወደ ጊዛ ጥግ የሚደርሰው ወንዙ ሞልቶ ቦዮቹን ሲያጥለቀልቅ ነበር። ያ ሙላት በዋናነት የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ በዓባይና በተከዜ ወርዶ ግብፅ የሚደርስ። ሁለተኛው ፑንት የተባለው ጥንታዊ አገር ነው፤ ፒራሚዱ አቡሲር ላይ ያለው ንጉሥ ሳሁሬ ወደዚያ መርከብ ልኮ 80,000 መስፈሪያ ከርቤ እንዳመጣ ተመዝግቧል። ፑንት በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ እንደነበረ ብዙ ምሁራን ይስማማሉ።

ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ ከ200 በላይ ፒራሚዶች አሏት፤ በቁጥር ግብፅን ትበልጣለች። በጣም ቀጥ ያሉና ጠባብ ናቸው፣ መቃብሩም ከሥራቸው እንጂ ውስጣቸው አይደለም። ኑሪ ላይ ያለው ትልቁ የታሃርቃ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን “የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ” የሚለው እሱ ነው፤ እዚያ ኢትዮጵያ የተባለችው ኩሽ ናት። የመርዌ ፒራሚዶች አናት የተቆረጠው በ1834 ጣሊያናዊው ፌርሊኒ ወርቅ ፍለጋ ስላፈረሳቸው ነው።

ለማየት የሚሄድ ሰው ምን ይዘጋጅ?

ሁለት ቀን ይመድብ። በመጀመሪያው ቀን ሳቃራንና ዳሹርን፣ በሁለተኛው ጊዛን ማየት ሥራው ያደገበትን ቅደም ተከተል ያሳያል። ጊዛ ላይ ግቢው ለመግባትና ኩፉ ውስጥ ለመግባት ትኬቱ የተለያየ ነው። ውስጡ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ 1.2 ሜትር ብቻ ከፍ ባለ መተላለፊያ ጎንበስ ብሎ 39 ሜትር ይወጣል፣ ዳገቱ 26 ዲግሪ ነው። ጉልበት፣ ልብ ወይም የጠባብ ቦታ ፍርሃት ያለበት ሰው ባይገባ ይሻላል። ቀዩ ፒራሚድ ሰው የማይበዛበት ነው፤ ግን መጀመሪያ በውጪ 28 ሜትር ሽቅብ፣ ከዚያ በውስጥ ከ60 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በማግሥቱ ጭን ያማል። ድንጋዩ ላይ መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ግመል ወይም ፈረስ ለመቀመጥ የፈለገ ሰው የተነገረው ዋጋ መውረዱንም የሚጨምር መሆኑን ሳይወጣ በፊት ይጠይቅ። ፎቶ ለማንሣት ጠዋት ከምሥራቅ በኩል ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ የካፍሬ ጫፍ ላይ የቀረው ልባስ በዚያን ሰዓት ከሩቅ ይለያል።